ገብስ ላይ የተሰቀለው ዲስክ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ነጠላ ጫማዬ ዛሬም የለም። ደብተሬ፣ አቤቱታዬን ያዢልኝ። ሰው በገዛ ቤቱ ጠዋት ተነስቶ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ይረግጣል። የደ/ታቦር ኅዳር ደግሞ ሲሚንቶውን በረዶ አድርጎ ነው የሚያሳድረው። ጫማዬን ይበልጣል አጥልቆት ወጥቷል፤ የእህቴ ልጅ። እግሩ የበሬ ነው፣ ከፊት አስፍቶ ከኋላ ሰንጥቆታል። ሲታጠብ አርሶ ይተወዋል። ሲተኛ ያንኮራፋል። ስኳር የሚጨምረው በጭልፋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተናገርሁት። አጎቴ፣ እንግዳ አይሰደብም አለኝ። እንግዳማ ይሄዳል አልሁት።

ይኸው ነው አቤቱታዬ። ሌላ ምንም የለብኝም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ዋሸሁሽ። የነደደኝ ጫማው አይደለም። ጫማዬን አጥልቆ እስከ በር መውጣቱ ነው። አትውጣ ብዬዋለሁ። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ቀድሜ ወጥቼ ግቢውን አያለሁ፤ ለጎረቤት ዶሮ የምፈልግ እመስላለሁ። ዶሮ የለኝም።

ነገሩ ይህ ነው። የይበልጣል አባት፣ አማቼ ካሴ፣ ጉና ሥር በድንበር ጠብ አስማረ የሚባል ጎረቤቱን ገደለ። ታሰረ። ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ከዚያ ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ዕርቅ ተደረገ፤ የሟች አባት አያ መኩሪያው ወንጌል ይዘው ደሙን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ አሉ። አለቀ ተባለ። እኛም አለቀ ብለን ኖርን።

አሁን የአስማረ ልጅ ሲሳይ ከመተማ ተመልሷል። አባቱ ሲሞት እናቱ አዝላው ነው የሄደችው፤ በዕርቁ ቀን አልነበረም። አያቴ ይቅር አላሉም፣ ሽማግሌዎቹ በጥብስ ተገዝተው ነው ይላል አሉ። ካሴ አርጅቷል፤ ያረጀ ሰው ገድሎ ደም መለስሁ የሚል የለም። ደም ወደ በኩር ልጅ ይወርዳል። በኩሩ ጫማዬን የቀደደው ይበልጣል ነው።

ትናንት አባ ተገኘ መጡ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አያ መኩሪያውም አርፈዋል። ሲሳይን አነጋግረውታል። ልጁ የሰጣቸው ቃል፦ አያቴ በአፋቸው ሲናገሩ ካየሁ እተዋለሁ። ካላየሁ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ። እስከ ቅ/ሚካኤል ታገሰ። ይኸ ዓርብ ሳይሆን የሚቀጥለው መሆኑ ነው።

አባ፣ ሚካኤልን ዘንድሮ ወደ ጥር ማዛወር አይቻልም ወይ? አልኋቸው።

አልሳቁም። "ውብሸት፣ አንተ የቀረጽኸው ነገር የት ነው ያለ?" አሉኝ።

የዕርቁን ቀን ቪዲዮ ማለታቸው ነው።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ቁጭ ብሎ ከመፍራት መጻፍ ይሻላል።

ያኔ የሰርግ ቪዲዮ አነሳ ነበር። ያስተማረኝ የለም። ካሜራውን ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ አንድ ብሎን ተርፎኝ ነው የተማርሁት። ለዕርቁ ጥራቱ ከፍ ያለውን ካሜራ ይዤ ሄድሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቀረጽሁ። ፋይሉ አምስት ዲቪዲ ይሞላል። አምስት ቦታ የተቆራረጠ ዕርቅ ደግሞ ዕርቅ አይመስልም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ብሉሬይ ላይ ጻፍሁት። በሰፈሩ የብሉሬይ መጻፊያ ያለው እኔ ብቻ ነበርሁ። ለጉራ ነበር የገዛሁት።

ይበልጣል ልዩነቱ ምንድን ነው አለ። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ። መልስ ስሰጠው ፍርሃቱን የሚረሳ መሰለኝና አስረዘምሁት። ዲስክ ላይ ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ወደ ጠርዝ የሚወጣ አንድ ቀጭን መንገድ አለ። መንገዱ ላይ ለዓይን የማይታዩ ምልክቶች ተደርድረዋል። ሌዘሩ ያበራባቸዋል፤ ምልክት ላይ ሲያርፍና ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን እኩል አይደለም። ያ ደመቅ ደብዘዝ ማለት ተቆጥሮ ነው ሥዕልና ድምፅ የሚሆነው። ሲዲ የሚነበበው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው፣ ዲቪዲ በቀይ፣ ብሉሬይ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ሰማያዊ። የብርሃኑ ሞገድ ባጠረ መጠን የሚያርፍበት ነጥብ ይቀጥናል። በአውራ ጣቱ የሚጽፍና በመቃ ብዕር የሚጽፍ አንድ ብራና ላይ እኩል ቃል አያስገቡም።

ገባው። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው በሰማያዊ አልሠሩትም አለ። እናቱን ነው የወጣ።

አልቻሉማ። ቀዩን ብርሃን የሚያወጣ ቅንጣት መሥራት ቀለላቸው። ሰማያዊውን የሚያወጣው ግን ገና ሲያበቅሉት ይሰነጠቃል፣ ይበላሻል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰለቻቸውና ተዉት። ጃፓን አገር ጥቂት ግትሮች ሙጥኝ አሉ። ዕድሜያቸውን ፈጀ፣ በመጨረሻው በራ። ከዚያ ደግሞ ኩባንያዎቹ ተጣሉ። በዚያው በሰማያዊ ብርሃን ሁለት ዓይነት ዲስክ ሠሩ፤ የአንዱ በሌላው ቤት አይነበብም። መሃል የሚገባ ሽማግሌ አልተገኘም። አንዱ ወገን ከገበያ እስኪወጣ ተናነቁ። የተሸናፊውን ማጫወቻ የገዛ ምስኪን ዕቃውን ታቅፎ ቀረ።

ይበልጣል ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ መጀመሪያው ነው። ከዚያ ተናነቁ የምትለው ቃል ደረሰችው መሰለኝ፣ ወደ በሩ አየ።

ያው ቀን፣ ወደ ማታ

ኔትወርክ መጣ። እህቴን እንጉዳይን አገኘኋት። እኔ ዘንድ የነበረው ቅጂ ክረምት ላይ መብረቅ ከኮምፒውተሬ ጋር አንድ ላይ ወስዶታል። የቀረን ለእሷ የሰጠኋት ዲስክ ነው። የት አለ አልኋት።

ያ የማይሠራው ነው? አለች።

ማን አይሠራም አላችሁ? ብል፣ የጎረቤት ዲቪዲ ማጫወቻ። አስገብተውት ነበር፣ ማጫወቻው ዲስክ የለም አላቸው። ቢል አይፈረድበትም፤ ቀይ ብርሃን የዚህን ደቃቅ ጽሑፍ አይለይም፣ ለእሱ ባዶ ነው። እነሱ ግን ውብሸት የሰጠን ዕቃ ተበላሸ ብለው ደመደሙ። የእኔ ዕቃ መበላሸቱም አልገረማቸው።

እና የት ጣልሽው? አልኋት።

አልጣልሁትም አለች፤ ተቆጣች ጭራሽ። ለምን እጥለዋለሁ? ገብሱ ላይ ነው። ለወፍ።

ለወፍ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በሚኒባስ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ማጅራቴን ሲያየኝ መጣ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። መስኮቱን ዝጋልኝ ነው ያለው።

ከዚያ በእግር፣ ሽቅብ። የጉና ንፋስ ፊት ይልጣል። ገብሱ ደርሷል። ማሳው ዳር ዳሩን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተተክሎ፣ በገመድ ተያይዞ፣ በገመዱ ላይ የቆርቆሮ ክዳን፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የዲስክ ዓይነት። ሲያብለጨልጭ የዓውዳመት ቤት ይመስላል። ካሴ ወንጭፍ ይዞ ሥሩ ተቀምጧል።

ያንተ ዲስክ እኮ ጎበዝ ነው አለኝ፣ ከሁሉም እሱን ነው ወፍ የሚፈራው።

የዕርቅህ ቃል እኮ ነው ወፍ የሚጠብቀው ካሴ፣ አልሁት። ለቀልድ ነበር። አፌ ቀደመኝ። ፊቱ ሲወርድ አየሁ። ለካ እንጉዳይ ምን እንደሆነ አልነገረችውም። ሲሳይ መምጣቱን ግን ሰምቷል። ወንጭፉን መሬት አስቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ በልጄ ፈንታ እኔ ብሄድለት ይቀበለኝ ይሆን? ንገረው አለኝ። እንዲህ ባለ ነገር አልቀልድም። ዲስኩን ልፈታ ወደ ገመዱ ዞርሁ።

ዲስኩን ከታችኛው ፊቱ ቀለም ለየሁት። ሌሎቹ አረንጓዴና ሐምራዊ ያንጸባርቃሉ፤ ይኸኛው ጠቆር ያለ፣ የሻይ ዝቃጭ የመሰለ ነው። ጓደኞቹ ሲዲዎች ገርጥተዋል። በቤት የሚጻፍ ሲዲ ምልክቱ የሚቀመጠው ቀለም ላይ ነው፣ ቀለምን ፀሐይ ይበላዋል። የእኔው የተጻፈው በሌዘር በተለወጠ ስስ የማዕድን ንጣፍ ላይ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ አይደፍረውም። ደስታዬ የቆየው ዲስኩን እስክገለብጥ ነው። ንፋሱ ከምሰሶው ጋር ሲያላጋው ከርሟል። ጠርዙ ዙሪያውን ተፍቋል።

እንጉዳይ አመድና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ደረሰች፤ ልታጥበው። ጮህሁባት፣ ላሟ ደነገጠች። ሲዲ ቢሆን ጽሑፉ ከወፍራም ፕላስቲክ ጀርባ ነው፤ ቢጫር በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ይለሰልሳል። ብሉሬይ ላይ ግን ጽሑፉ ያለው ከሚነበበው ፊት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው። ያ ቀጭን ብርሃን በወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ካለፈ፣ ዲስኩ ትንሽ ዘመም ሲል ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ሌንሱ አቀረቡት። እንዳይጫር ፈርተው መጀመሪያ ማኅደር ሊያለብሱት ነበር፤ በኋላ ጠንካራ ሽፋን ተገኘለትና ማኅደሩ ቀረ። አመድና ምሰሶ ግን በሐሳባቸው አልነበረም።

በጥጥ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዤ ወረድሁ። እናቱ ለይበልጣል ቆሎ ላከች። ሌላ የምትልከው አጥታ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ማንበቢያውን ከዕቃ ክምር ሥር አወጣሁ። ተበድሬ ካመጣሁት ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁ። ከፈትሁት፤ ሌንሱ አቧራ ለብሷል፣ በጥጥ ጠረግሁት።  ገጠምሁ። ምንም ብሎን አልተረፈም። አሁን ገና ፈራሁ።

መብራት ጠፋ።

ይበልጣል በአጥሩ ስንጥቅ ሲያይ ያዝሁት። አንድ ሰው ባጃጅ አቁሞ የውብሸት ቪዲዮ ቤት የቱ ነው ሲል ሰምቷል። ደንበኛ ይሆናል አልሁት። ቪዲዮ ካነሳሁ ስንት ጊዜዬ። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ጅብ የሸተታት ፍየል መስለን ተያየን።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መብራት አለ። አነበበ!

ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ጠዋቱ ደኅና ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ። ወጣቱ እኔ በግ ስጎትት፣ በጉ እኔን ሲጎትት። ይበልጣል መልሱልኝ እያለ አራት ጊዜ አየው። ከዚያ አያ መኩሪያው ብቅ አሉ። ሰፊ ግንባር፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ አንድ መስመር። ከተቀመጡ ጀምሮ እስከ መሐላው አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን ከካሴ አላነሱም።

መሐላው የቀኑ መጨረሻ ነው። መጨረሻው የዲስኩ ጠርዝ ነው። ጠርዙን ምሰሶ በልቶታል።

ወንጌሉን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ሥዕሉ ወደ ድንጋይ ክምር ተበታተነና ቆመ። ይበልጣል ወጥቶ ጓሮ ተቀመጠ። አትውጣ አላልሁትም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ተስፋ አለ፣ ደብተሬ። ዲስኩ ሲጻፍ አንድን ነገር አንድ ቦታ አከማችቶ አያስቀምጥም፤ ይበትነዋል። የጠፋውን አስልቶ የሚተካበት ትርፍ ቁጥርም አብሮ ይጽፋል። ማኅሌት ላይ አንዱ ደብተራ ቢረሳ ሌሎቹ ይዘውለት እንደሚዘልቁት ነው። ግማሹ ከረሳ ግን ማኅሌቱም የለ። በዝግታ እያዞረ፣ ያቃተውን እየዘለለ፣ ተመልሶ ደጋግሞ የሚሞክር ፕሮግራም አለኝ። ጀመርሁት። ማሽኑ ያቃስታል፤ እኔም። መብራት እንዳይጠፋ ተሳልሁ። ለሚካኤል ነው የተሳልሁት፤ ቀኑን ሊያዛውርልኝ ካልፈቀደ ይህንስ ያድርግልኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ወጣ። ሥዕሉ እዚህም እዚያም ይሰበራል፣ ድምፁ ግን ሙሉ ነው። አያ መኩሪያው ወንጌሉን ይዘው፣ "የልጄን ደም ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ ቂሜን ከዚህ መሬት አውርጃለሁ" ሲሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ይበልጣል መሬት ሳመ። እኔ ጨፈርሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ። ነገ ለአባ ተገኘ እነግራለሁ።

ያው ቀን፣ በኋላ

ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም፣ ቪዲዮው ቀጠለ።

ከመሐላው በኋላ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲተቃቀፍ፣ አያ መኩሪያው እንደተቀመጡ ናቸው። እኔ ያኔ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ በግ ልገፍፍ ወጥቻለሁ። ጋቢያቸው ላይ የሰካሁላቸው ትንሽዬ ማይክ ግን እዚያው ነበር። አጎንብሰው ለራሳቸው ያወራሉ። ለራሳቸው አይደለም፤ ለሟች ልጃቸው ነው።

"አስማረ ልጄ፣ እኔስ ደከመኝ፣ ይቅር አልሁ። የልጅህን አፍ ግን አልዘጋሁበትም። ሲያድግ እሱ ይበል።"

ከሽማግሌዎቹ ማንም አልሰማም። አባ ተገኘ አልሰሙም። ከሁካታው መሃል የሰማው ማይኩ ብቻ ነው። እነሆ እኔ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ከጉና ተሸክሜ፣ ተስዬ አወጣሁት። ወፍ ሲያባርር ቢኖር ምን ነበረበት?

ሲሳይ ይህን ከሰማ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቆረጥሁት። ሰርግ ሳቀናብር የሰከረ ሚዜ ስንት ጊዜ ቆርጬ አውጥቻለሁ። መሐላው ላይ ያልቃል፤ ሹክሹክታው የለም። በፍላሽ አደረግሁት። ማንም አያውቅም። ውሸት የለበትም እኮ፣ ያሉት ሁሉ አለ። የቀረው ያልተሰማው ነው።

ይበልጣል አየውና፣ ቆረጡት? አለኝ።

አጠርሁት አልሁ።

 እንዲህ ዓይነት ንግግር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ እንዳለው ልጻፈው፦ "አጎቴ፣ ቆርጠው ካሳዩት ከዚህ ቤት የምወጣው መቼ ነው? ዲስኩን ሌላ ሰው የሰማው ቀን እንደገና እደበቃለሁ። አያትየው ልክ ናቸው። እሱን ማንም አልጠየቀውም። ይጠየቅ። እምቢ ካለም ፊት ለፊቴ ይበል።"

ሰደብሁት። አንተ በሬ፣ ጠያቂና ተጠያቂ የምትሆነው ስትኖር ነው አልሁት። እናትህን ምን እላታለሁ? አልሁት።  ቆሎውን አቀረበልኝ።

በጣም ነው የምፈራው፣ ደብተሬ። ስቀልድ የኖርሁት ሁሉ ለዚህ ቀን አልጠቀመኝም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ወሰንን። ወሰንን ስል እሱ ወሰነ፣ እኔ ተሸነፍሁ። ፍላሹን ደጃፍ ድንጋይ ላይ አድርጌ በመዶሻ መታሁት። አባ ተገኘ ዘንድ ሰው ላክሁ፦ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ሲሳይን ይዘው ይምጡ፣ ሙሉውን እናሳያለን፣ ሹክሹክታውንም። እሳቸው መሃል ይቀመጣሉ። ካሴም ይወርዳል። የሚባለው ሁሉ በሽማግሌ ፊት ይባላል። ዓርብ ነው ገና። ሁለት ቀን አለኝ፣ ለመፍራትም ለመላመድም

በር ተንኳኳ። አባ ተገኘ አይደሉም፣ እሳቸው በከዘራ ነው የሚመቱ።

በመስኮት አየሁ። አንድ ሰው፣ ብቻውን። በአካል አይቼው አላውቅም፤ ግን ያ ግንባር፣ ያ መሃሉ ላይ ያለ መስመር። ሰሞኑን ስንት ጊዜ አቁሜ ያየሁት ነው። ዓርብ ሳይደርስ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ምን አመጣው? ጋቢ ለብሷል። ሁለቱም እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ብርድ ነው መቼም፤ በዚህ ብርድ እጁን የማይሸሽግ የለም።

ይበልጣል ተነስቷል። ጓዳ ግባ አልሁት በጥቅሻ። እምቢ አለ። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ሙሉውን አወጣና መጀመሪያው ላይ አቆመው። አንድ ወንበር አስጠጋ። ከጎኑ ሌላ አንድ።

እንደገና አንኳኳ። ቀስ ብሎ።

ልከፍትለት ነው። ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ፣ በአያቱ ስም ጠርቼ ግባ እለዋለሁ፣ እና